ለብ ያለ ውሃ፦ ከደሴ አሥመራ ደርሶ መልስ

ከአሥመራ ከተመለስኩ ወዲህ የማኅበራችን ሴቶች በተገናኘን ቁጥር የሚጠይቁኝ ስለ ከተማው ነው። መንገዱ እውነት እንደሚባለው ለስላሳ ነው ወይ? ሰው ሁሉ ጣልያንኛ ይናገራል ወይ? የእኛ ቤተ ክርስቲያን እዚያ ትልቅ ናት ወይ? በአፍ ስነግራቸው ግማሹን እየዘለልኩ፣ የኋላውን እያስቀደምኩ ስላስቸገርኳቸው ያየሁትን በየቀኑ ከፋፍዬ በጽሑፍ አስቀምጬላቸዋለሁ። አብዛኞቹ ከሐይቅ አልፈው አያውቁም። እኔም ብሆን እስከዚህ ጥቅምት ድረስ ከወልድያ ወዲያ አላውቅም ነበር።

የሄድኩበትን ምክንያት ግን ለማናቸውም አልነገርኩምና ከእሱ ልጀምር።

በደሴ በአንድ ሐኪም ቤት አዋላጅ ነርስ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ለተብርሃን የምትባል የአሥመራ ሴት እኛ ዘንድ ወለደች። ባሏ ተኽለ የከባድ መኪና መካኒክ ነው፤ ለሥራ መጥተው ደሴ ተቀምጠው ነበር። ልጅቷ በሰባት ወሯ የተወለደች፣ ሁለት እጄን ሳጋጥም የምትሞላልኝ ነበረች። በማግሥቱ ጠዋት ትንፋሿ ይቆራረጥ፣ ከንፈሯም ይጠቁር ጀመር። እናቷ በትኩሳት ራሷን ስታ ተኝታለች። ባሏ ወደ አሰብ ሄዷል። ሐኪሙ ገና አልገባም። እነሱ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ በልጅነቴ የተማርኩት ግን ሊሞት የተቃረበን ሕፃን ማንም ሰው ማጥመቅ እንደሚችል ነው። የሕክምና ዕቃ ከምናፈላበት ማንቆርቆሪያ ለብ ያለ ውሃ በመዳፌ ቀዳሁ። ቀኑ ሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት ስለነበር ወለተ ማርያም አልኳት፤ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብዬ ሦስት ጊዜ ራሷ ላይ አፈሰስኩ። እስከ ቀትር ቆይታ አረፈች።

ለእናቷ አልነገርኳትም። አለቃችን ሠራተኛው በበሽተኛ ሃይማኖት እጁን እንዳያስገባ አጥብቆ ያስጠነቀቀን በዚያው ሰሞን ነበር፤ ለእንጀራዬ ፈራሁ። ደግሞም ጥምቀቱ ጥምቀት መሆኑን ተጠራጠርኩ። አንዲት የማኅበራችን አሮጊት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የተፈላ ውሃ የሞተ ውሃ ነው ይሉ ነበር። ልጅቷ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ሳትጠመቅ ሞተች ተብሎ ያለ ፍትሐት ከመቃብሩ አጥር ውጪ ተቀበረች። ባልና ሚስቱም ብዙ ሳይቆዩ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ዘንድሮ መስከረም ላይ የተኽለ ጓደኛ የሆነ ሾፌር እጁን ተቆርጦ መጣና ስሰፋለት ወሬያቸውን ነገረኝ። ለተብርሃን ዳግም አርግዛለች። ግን ልጄን ለጨለማ ሰጠኋት እያለች ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትታለች፤ የሚመጣውንም ልጅ ስም አታነሳም፣ ልብስ አታዘጋጅም። ያን ዕለት ስፌቱን ሁለት ጊዜ ፈትቼ ሰፋሁት።

ከደሴ ተዛውረው አሥመራ ለሚያስተምሩት ለቀድሞው ንስሐ አባቴ ለአባ ዮናስ ጻፍኩ። መልሳቸው አጭር ነበር፦ በደብዳቤ የሚያልቅ አይደለም፣ ነይ። የዓመት ዕረፍቴን ጠይቄ ተነሣሁ።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ጎሕ ሲቀድ ተነሣ። የጦሳ ተራራ ጭጋግ ለብሶ ነበር፤ ሐይቅ ስንደርስ ጠራ። ለአባ ዮናስ በቆርቆሮ ጣሳ ማር ይዤ ነበር፤ ሻንጣዬ ውስጥ ከነጠላዎቼ መካከል በደንብ ሸጉጬዋለሁ ብዬ ተማምኜ ነበር። ወልድያ ምሳ በላን። ከዚያ ወደ ቆቦ ሲወረድ ሙቀቱ የደሴን ሰው የሚያስለቅስ ነው። ማሩም እንደ እኔ ሙቀቱን አልቻለም። አላማጣ ላይ ጎማ ተቀየረ፣ የግራ ካሕሱን ዳገት ስንወጣ ደግሞ ሞተሩ ፈልቶ ሁለት ጊዜ ቆመን ውሃ ጠጣ። በዚህ ምክንያት መቀሌ እናድራለን ያልነው ሰዎች ፀሐይ ስትጠልቅ ማይጨው ቀረን።

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ወፍራም፣ ፈገግታ የማይቀናቸው ሴት ናቸው። ሻንጣዬን ስከፍት ማሩ ነጠላዎቼን ሁሉ አንድ ላይ አጣብቋቸዋል። ሴትዮዋ አዩኝና ልብሱን ከእጄ ወሰዱት፤ ውሃ አሙቀው አጥበው ከምድጃው በላይ ዘረጉልኝ። ሲነጋም ደርቆ ተጣጥፎ አገኘሁት። ስለ ድካማቸው ልክፈል ብል ተቆጡኝ። የማይጨው ብርድ ከእኛው ከደሴ ይብሳል፤ ደሴ እርጥብ ነው፣ ይኸኛው ግን ደረቅ ሆኖ አጥንት ይፈልጋል።

ረቡዕ

ረቡዕ ስለሆነ መቀሌ ላይ ምሳ የጾም ነበር፤ አውቶቡሱ ውስጥ ያለነው ክርስቲያኖች ሁሉ አንድ ገበታ ከበን ሽሮ በላን። ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክ ብሎ የጠየቀ የለም። ልብ ያልኩት ኋላ አሥመራ ከደረስኩ ወዲህ ነው።

ከመቀሌ በኋላ አገሩ ይለወጣል። ወሎን የለመደ ዐይን አረንጓዴ ይፈልጋል፤ እዚህ ድንጋይ ነው የሚያየው። ቤቱ ድንጋይ፣ አጥሩ ድንጋይ፣ እርሻው መካከል እንኳ ድንጋዩ ተለቅሞ ተከምሯል። የአባቴ ዘመዶች ከዚህ ከአጋሜ ናቸው፤ አባቴ ግንበኛ የሆነው ያለ ነገር አይደለም አልኩ። አዲግራት አደርን። መኝታው ንጹሕ ነበር፤ ትራሱ ግን በምን እንደተሞላ እንጃ፣ አንገቴ ሁለት ቀን አልዞር አለኝ።

ሐሙስ

ዛላምበሳን አልፈን ሰንዓፈ ስንደርስ ወታደሮች አስወርደው ሻንጣ ፈተሹ። ዓዲ ቀይሕ ላይም እንደገና ተፈተሽን። እስከዚያ ድረስ ሲጨዋወት የመጣው ሰው ከዚህ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አጠገቤ የተቀመጠችው መምህርት ለምን እንደምሄድ ስትጠይቀኝ ዘመድ ጥየቃ አልኳት፤ እሷም ጥሩ ነው ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። አማርኛዋ ከእኔ የጠራ ነበር፣ ከትምህርት ቤት የተገኘ አማርኛ ስለሆነ አንድም ቃል አይወድቅም።

ሰገነይቲ ላይ ከቤቶቹ ሁሉ ከፍ ብሎ የሚታየው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ስትነግረኝ ደነገጥኩ። የእኛ የደሴዋ ከጎረቤት መጋዘን አትለይም። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ላይ ዳዕሮ የሚሉት ትልልቅ ሾላ ተራርቆ ቆሟል፤ ከአንዱ ጥላ ሥር አንድ መንጋ ሙሉ ይተኛል።

አሥመራ የገባነው ከቀትር በኋላ ነው። መንገዱ ለስላሳ ነው፣ አዎ፤ ዘንባባ ተደርድሮበታል። እኔን የገረመኝ ግን ጸጥታው ነው። ደሴ ላይ ሰው ከመንገዱ ማዶ ለማዶ ይጠራራል፤ እዚህ ብስክሌቱ እንኳ ደወሉን በስሱ ነው የሚመታው። አባ ዮናስ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ጢማቸው ሸብቷል። ገዛ ባንዳ በሚባለው ሰፈር ወዳለው እህታቸው ቤት ወሰዱኝ፤ ከመሐል ከተማው በእግር ነው የሚደረሰው።

እህታቸው አደይ ለምለም ይባላሉ፤ አደይ እናቴ እንደማለት ነው፤ ባል የሞተባቸው ናቸው። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ ጥቂቷን ሳይቆጥቡ ይናገሯታል። ጓለይ እያሉ፣ ልጄ ማለት ነው፣ አቅፈው ሳሙኝ፤ ከጣሳው የተረፈውን ማር ሲያዩ የምስር ቆሎ እንኳ ያላመጣ እንግዳ አለ ብለው አጽናኑኝ። ሻሂ በወተት፣ ባኒ የሚሉት ዳቦ ቀረበ። ከጉዞው ሁሉ የቀረልኝ ጣዕም የዚያ ዳቦ ነው፤ ቅርፊቱ ሲሰበር ይሰማል።

ዓርብ

አደይ ለምለም ከመኝታቸው ሲነሡ ግንባራቸውን በመስቀል ምልክት ያማትባሉ፣ ጫማ ሲያደርጉ ያማትባሉ፣ በሩን ሲከፍቱ፣ ክብሪት ሲጭሩ ያማትባሉ። ፈገግ ብዬ እንደሆነ እንጃ፣ አባ ዮናስ አዩኝ። ከሺህ ሰባት መቶ ዓመት በላይ በፊት በሰሜን አፍሪካ የኖረ አንድ ጸሐፊ ክርስቲያኖች ሲወጡ ሲገቡ፣ ጫማ ሲያጠልቁ፣ መብራት ሲያበሩ ግንባራቸውን እንደሚያማትቡ ጽፏል አሉኝ። እህቴ ማንበብ አትችልም፤ እሱ የጻፈውን ግን አንድ ሳታስቀር ታደርጋለች አሉ።

ምሳ ፓስታ ነበር። ዓርብ ስለሆነ በቲማቲምና በዘይት ብቻ የተሠራ የጾም ፓስታ ነው። የጾም ፓስታ አይቼ አላውቅም ነበርና ለማኅበራችን የምነግረው ነገር አገኘሁ አልኩ። ጎረቤታቸው ያለች ጣልያናዊት ዓርብ ሥጋ ብቻ ትተዋለች፤ ረቡዕንም አታውቀውም። አደይ ለምለም ግን ካቶሊክ ቢሆኑም እንደ ግዕዙ ሥርዓት ረቡዕንም ዓርብንም ይጾማሉ። ለዚህም አባ ዮናስ ማስረጃ ነበራቸው፦ ከሐዋርያት ዘመን ብዙ ያልራቀች አንዲት ትንሽ ትምህርት ረቡዕና ዓርብ ጹሙ ትላለች።

ይህችን ትምህርት ነበር ለተማሪዎቻቸው የሚተረጉሙት። ለብዙ መቶ ዓመት ጠፍታ ቆይታ በአያቶቻችን ዘመን ከአንድ የውጭ አገር አሮጌ ብራና መካከል የተገኘች ናት። ወደ ትግርኛ ቢመልሷት በአንድ ወር ይጨርሷት ነበር፤ ትምህርቱ በአማርኛ ስለሆነ በአማርኛ ይታገላሉ። ከምሳ በኋላ ወረቀቶቻቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አማርኛውን እንዳቃናላቸው ጠየቁኝ። የምቀመጥበትን ወንበር ራሳቸው ሳቡልኝ።

ያወጡልኝ ስለ ጥምቀት የሚናገረውን ገጽ ነው። መጀመሪያው በሕያው ውሃ አጥምቁ ይላል። የተፈላ ውሃ የሞተ ውሃ ነው ያሉት አሮጊት ትዝ አሉኝ። ሕያው ውሃ ማለት በአማርኛ ምን ትሉታላችሁ አሉኝ። ወራጅ ውሃ፣ የምንጭ ወይም የወንዝ አልኳቸው። ጻፉት። ቀጠሉ፦ ወራጅ ከሌለ በሌላ ውሃ፤ በቀዝቃዛው ካልተቻለ ሞቃት በሆነው። እዚህ ላይ ብዕራቸውን አቁመው ሞቃት የሚለው የሚያቃጥል አይመስልም ወይ ብለው ጠየቁኝ።

"ለብ ያለ ነው የሚባለው፣ አባ።"

ለብ ያለ ብለው ጻፉ። ከዚያ ውሃው የማይበቃ ከሆነ ሦስት ጊዜ ራስ ላይ አፍስሱ የሚለውን አነበቡልኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ራሴ ደግሜ አነበብኩት። ሁለት ዓመት ያንገላታኝ ነገር ሦስት መስመር ነበር። ከዚያ ሁሉ ዘመን በፊት አንድ ሰው የማንቆርቆሪያ ውሃ የያዘች ሴትን ያሰበ መሰለኝ። አለቀስኩ፤ አባ ዮናስ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ስለ ውሃው ብለሽ ነው የመጣሽው፤ ውሃው ነውር የለበትም" አሉኝ። "እኔ የምጠይቅሽ ግን ስለ ዝምታሽ ነው። ጥምቀቷን ሰጥተሻት ለእናቷ ከልክለሻታል።"

ነገ ሄጄ እነግራታለሁ አልኩ። አብሬሽ ልምጣ ወይ ሲሉኝ ብቻዬን እሄዳለሁ አልኳቸው።

ቅዳሜ

ሾፌሩ የሰጠኝ አድራሻ ቃሓውታ የሚባል ሰፈር ነበር። ስደርስ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ይኖራል። አንዲት ሴት ልብስ ታጥብ ነበር፤ የእነ ተኽለን ስም ስጠራ አዎ ለማለት እወ፣ እወ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ከስድስት ወር በፊት ወደ ዓዲ ኣበይቶ መሄዳቸውን በእጇ ጭምር አስረዳችኝ። ዓዲ ኣበይቶ የት እንደሆነ አለማወቄን ስታይ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ልብሱን በሳፋው ትታ፣ እስከ ፌርማታው ድረስ አደረሰችኝ። ለአውቶቡሱ ሹፌር የት እንደሚያወርደኝ ነግራው ነው የተመለሰችው። ደሴ ላይ እንዲህ ያለ ደግ ሰው የለም አልልም፤ ግን የሚያጥበውን ልብስ ጥሎ የሚሄድ አላጋጠመኝም።

ዓዲ ኣበይቶ ከከተማው ዳር በሰሜን ምዕራብ በኩል ያለች መንደር ናት። ለተብርሃንን ደጃፏ ላይ እህል ስትለቅም አገኘኋት። እርግዝናዋ ገፍቷል። ቀና ብላ ስታየኝ ወዲያው አወቀችኝ፤ ፊቷ ተለወጠ። የእኔን ፊት ያየችው ልጇ በሞተችበት ቀን ነውና አልፈረድኩባትም። ቢሆንም አስገባችኝ፣ ሻሂ አቀረበችልኝ፣ የደሴን ሰዎች ደኅንነት ጠየቀችኝ። ተኽለ ጋራዥ ነበር።

ሻሂውን ሳልነካ ነገርኳት። ምንም አልጨመርኩም፣ ራሴንም ደግ አላስመሰልኩም፤ ለምን እንደደበቅኩም፣ አባ ዮናስ ስላነበቡልኝ ገጽም ተናገርኩ። ከዚያ የጠየቀችኝ ስለ ሃይማኖት አልነበረም።

"ውሃው ቀዝቃዛ ነበር?"

"አይደለም። ለብ ያለ ነበር።"

"አልደነገጠችም?"

"አልደነገጠችም። ዐይኗን ገልጣ ነበር።"

የልጇን ስም ጠየቀችኝ፤ ወለተ ማርያም አልኳት። ለራሷ ቀስ ብላ ደገመችው። ከዚያ ተነሣችና በሩ አጠገብ ቆመች።

"ሁለት ዓመት፣ ሲስተር። አንቺ ሓቁን ይዘሽ ትበይ ትተኚ ነበር፤ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄን ጥያት እንደመጣሁ ነው የኖርኩት። ከደሴ እዚህ ፖስታ የለም?"

አለ አልኩ።

"አሁን ሂጂልኝ።"

ሄድኩ። አውቶቡስ ለመጠበቅ ፌርማታው ላይ መቆም አልቻልኩም፤ በእግሬ አቀናሁ። እግሬ ውሃ ቋጥሮ ገዛ ባንዳ ደረስኩ። አደይ ለምለም ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ የእግር ውሃ አመጡልኝ።

እሑድ

ቅዳሴው በግዕዝ ነበር፣ ከበሮና ጽናጽል ያለበት። አባ ዮናስ ከደሴ ከሄዱ ወዲህ እኛ የምንሰማው የውጭ አገሩን አባ የላቲን ቅዳሴ ስለሆነ ልጅነቴ የተመለሰ መሰለኝ። ዐይኑን ጨፍኖ ለሚሰማ ከአባቴ አገር የኦርቶዶክሶች ቅዳሴ አይለይም። ካለቀ በኋላ አባ ዮናስ ቅዱስ ቁርባኑን ይዘው ከአልጋ መነሣት ወደማይችሉ አንድ ሽማግሌ ሄዱ። የጥንቶቹ ክርስቲያኖችም እሑድ እሑድ ከተሰበሰቡ በኋላ ላልመጡት በዲያቆን እጅ ይልኩ እንደነበር ነገሩኝ። ነገሩ ያስደስታል፤ የእኔ ልብ ግን ዓዲ ኣበይቶ ነበር።

ደጁ ላይ አንድ ሰው ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል። ተኽለ ነው። ከስቷል። ለተብርሃን የት እንዳረፍኩ ሳትጠይቀኝ ስላባረረችኝ ካቶሊኮቹ ዘንድ አገኛት እንደሆነ ብሎ ነው የመጣው። ሚስቱ ነገ መጥታ ያን ጽሑፍ በጆሮዋ መስማት እንደምትፈልግ ነገረኝ። ከዚያ ለመሄድ ዞሮ ተመለሰ። በማግሥቱ ከአሰብ ደርሶ ልጅቷን የቀበረው እሱ ነው፤ አፈር ከመመለሱ በፊት ጓደኞቹ ሳያዩት ግንባሯ ላይ በጣቱ የመስቀል ምልክት አድርጎባታል። ለማንም አልነገርኩም ነበር አለኝ። እኔም፣ እሱም፣ እያንዳንዳችን ከዚያች ሴት የምንደብቀው ነበረን።

ይህን እንዲነግራት ለመንኩት። እሺ አለ።

ሰኞ

ለተብርሃን ብቻዋን መጣች። አደይ ለምለም በትግርኛ ተቀብለው ከጎናቸው አስቀመጧት፤ ሆዷን አይተው ግንባሯን አማተቡባት። አባ ዮናስ ገጹን መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎም እየተረጎሙ በትግርኛ አነበቡላት። ለብ ያለው ውሃ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ተመለከተች። እስኪጨርሱ ድረስ እንባ አላየሁባትም፤ ካዳመጠች በኋላ የጠየቀችው ጥያቄ ከባድ ነበር፦ ይህ የእናንተ መጽሐፍ ነው ወይስ የእኛ?

አባ ዮናስ ለማባበል አልሞከሩም። "ይህ ሲጻፍ እናንተና እኛ የሚባል ነገር አልነበረም" አሏት። "በእኛ ሥርዓት ልጅሽ የተጠመቀች ናት፤ ያለ ጥርጥር። ለእናንተ ሥርዓት ግን እኔ መናገር አልችልም። የነፍስ አባትሽን ጠይቂ።"

ለተብርሃን ነይ አለችኝ። ሁለታችን ወደ ነፍስ አባቷ ቤት ሄድን። በመንገድ ላይ ሳነክስ ስታይ እርምጃዋን ቀነሰች። ነፍስ አባቷ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ለበዓል የተበረከተላቸውን ጧፍ ሲያስተካክሉ አገኘናቸው። ነገሩን ከሰሙ በኋላ በለተብርሃን አስተርጓሚነት እኔን እንደ ዳኛ ጠየቁኝ። ምን አልሽ? ስንት ጊዜ አፈሰስሽ? ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን ላድርግ ብለሽ ነው ወይስ ደንግጠሽ? ሁለቱንም ነው አልኳቸው። ይህ መልስ ደስ ያሰኛቸው መሰለኝ።

ከዚያ ለለተብርሃን የተናገሩትን ኋላ ተረጎመችልኝ። በሥርዓታችን ጥምቀት በካህን እጅ ነው፣ እኔ ሥርዓት አልሠራም፤ ነገር ግን ይህች ሴት የሥላሴን ስም ጠርታ ያፈሰሰችውን ከንቱ ነው ለማለት አልደፍርም አሏት። ለሚበልጡኝ አቀርበዋለሁ። እስከዚያ ስሟን ስጪኝ፣ በግል ጸሎቴ አነሳታለሁ። በማርያም ዕለት ለነዳያን ዳቦ ስጪ። ቤተ ክርስቲያንም ተመለሺ፤ ከደጅ ያስቀረሽ ማንም የለም።

ይህ ሙሉ መልስ አይደለም። እኔ ሙሉ መልስ ይዘን እንወጣለን ብዬ ነበርና ቅር አለኝ። ለተብርሃን ግን ከቤታቸው ስትወጣ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ወደ ሱቅ ገብታም አንድ ሜትር ነጭ ጨርቅ አስቀደደች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ አዋላጅ ነኝ፣ የሕፃን መጠቅለያ ልክ አውቃለሁ።

ዓዲ ኣበይቶ ይዛኝ ሄደች። ጣይታውን ስታቀርብልኝ፣ እንጀራ ማለት ነው፣ ዐይኔን እያየች ተናገረች።

"ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም፣ ገና ነው። ግን ብዪ።"

በላሁ። ከሐኪም ቤቱ ባመጣሁት ልማድ እርግዝናዋን መረመርኩላት፤ ልጁ ደኅና አቀማመጥ ላይ ነበር። እግሯ ያበጠው እንዲታይላት፣ ከወሊዱ በፊት እዚያው ከተማ ሐኪም ቤት እንድትሄድ መከርኳት። እሄዳለሁ አለች። ተኽለ ገብቶ ሦስታችን ተቀመጥን፤ ስለ መስቀሉ እንደነገራት ከፊታቸው ተረዳሁ።

ማክሰኞ፣ መመለሻ

አደይ ለምለም አራት ባኒ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። አባ ዮናስ የገለበጡትን ገጽ በእጃቸው ጽፈው አስታቀፉኝ፤ ደሴ ላለው አለቃሽም እውነቱን ንገሪው አሉኝ። ነግሬዋለሁ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፣ ከሥራ ግን አላባረረኝም።

አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ለተብርሃን መጣች። ብዙ አልተናገረችም። በመስኮቱ በኩል እጄን ያዘች፤ አጠገቤ የተቀመጡት አንዲት ባልቴት በትግርኛ አንድ ነገር ጠየቋት፣ እሷም መለሰችላቸው። ከመልሷ የያዝኩት በዅሪ የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር። የቐንየለይ ብላኝ ሄደች፤ አመሰግናለሁ ማለት መሆኑን በዚያ ሳምንት ተምሬያለሁ።

ከከተማው ስንወጣ ባልቴቷን ምን እንደተባባሉ ጠየቅኋቸው። አማርኛ ይችሉ ነበር። "እህትሽ ናት ወይ አልኳት፤ እሷም አይደለችም፣ የበኩር ልጄን ያዋለደችልኝ ናት አለችኝ" አሉኝ። ቀጥለው ልጅቷ ስንት ዓመት ሆናት ሲሉ ጠየቁኝ።

አርፋለች አልኳቸው።

ባልቴቷ አማተቡ። እንደማንኛውም ክርስቲያን ሟች ነፍሳ ይምሓር፣ ነፍሷን ይማር አሉ። ለዚያች ልጅ ሰው እንዲህ ሲል መጀመሪያ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።